የ1 በመቶ ልዩነት ሁልጊዜ ለውጥ አይደለም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የጤና ጥናቶች ውጤት በጋዜጦች ሲዘገብ፣ የአንድ መቶኛ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት እንደተረጋገጠ ለውጥ ተቆጥሮ ርእስ ሲሆን ደጋግሜ ስለማይ፣ የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ እንደሚያስተምር ሰው ይህን አስተያየት ልኬያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች መሆኑን፣ አሳይቷል፤ የ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ 37 በመቶ አግኝቷል። «መቀንጨር ቀነሰ» ለማለት ይህ ብቻ አይበቃም። ሁለቱም ቁጥሮች የተገኙት ከናሙና እንጂ የአገሪቱ ሕፃናት በሙሉ ተለክተው አይደለም፤ በዚያው ጊዜና በዚያው ዘዴ ሌሎች ሕፃናት ለናሙናው ቢመረጡ ኖሮ 36ም 38ም ሊገኝ ይችል ነበር።

ተማሪዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ በእጃቸው ያለው አንድ ናሙና ሆኖ ሳለ፣ ሊወጡ ይችሉ የነበሩ ናሙናዎች ሁሉ የሚሰጧቸውን መቶኛዎች እንዲያስቡ ይጠየቃሉና። ስለዚህ ከመቶው 38ቱ ቀይ የሆነ አንድ ከረጢት ቦሎቄ ይዤ ክፍል እገባለሁ፤ ቀዩ ፍሬ የቀነጨረ ሕፃን ምሳሌ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ሳያይ 100 ፍሬ አውጥቶ ሲቆጥር አንዱ 33፣ ሌላው 41፣ ሌላው 38 ቀይ ያገኛል፤ ውጤቱ ሰሌዳው ላይ በነጥብ ሲደረደር ክምሩ 38 አካባቢ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ እየሳሳ ይሄዳል።

የእንዲህ ዓይነቱ ክምር ስፋት ደግሞ ለዳሰሳውም በስሌት ይታወቃል። በ2019 የተለኩት ሕፃናት ወደ 5,000 ገደማ ስለነበሩ፣ 0.37 በ0.63 ተባዝቶ፣ ለ5,000 ተካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ መደበኛ ስህተቱ፣ ማለትም የናሙናዎች ውጤት ከክምሩ መሐል የሚርቅበት የተለመደ መጠን፣ 0.7 የመቶኛ ነጥብ ያህል ይሆናል፤ በተለመደው የ95 በመቶ መተማመኛ (ከመቶ ናሙናዎች የ95ቱን ያህል ውጤት በሚይዘው ወሰን) እጥፉ ሲወሰድ ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 1.4 ነጥብ ያህል ይዋዥቃል። ናሙናው በመንደር በመንደር የተወሰደ በመሆኑና የአንድ አካባቢ ሕፃናት ስለሚመሳሰሉ፣ ትክክለኛው ስፋት ከዚህም ይበልጣል። የ2016ቱ ቁጥርም የራሱ መዋዠቅ አለው። በአንጻሩ በ2000 58 በመቶ የነበረው መቀንጨር በ2016 ወደ 38 መውረዱ በናሙና ዕጣ የሚመጣ ልዩነት አይደለም፤ እሱን በሙሉ ልብ መዘገብ ይቻላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክልሎችን በደረጃ የሚደረድረው ዘገባ ነው። በአንድ ክልል የተለኩት ሕፃናት 400 ቢሆኑ፣ ያው ስሌት ወደ ላይና ወደ ታች 5 ነጥብ የሚጠጋ ስፋት ይሰጣል፤ በ2 ነጥብ የሚበላለጡ ሁለት ክልሎችን አንደኛና ሁለተኛ ብሎ መጥራት ታዲያ በምን ይደገፋል? ዝግጅት ክፍሉ ከእያንዳንዱ መቶኛ ጎን የናሙናውን ብዛትና የስህተቱን ወሰን እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም በዳሰሳዎቹ ሪፖርት አባሪ ሠንጠረዦች ውስጥ ይገኛሉ።

አንድ የስታቲስቲክስ መምህር