መርፌ የማትወጋው ልጅሽ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱ ብቻ አልተቻለም።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። «የጎረቤት ልጅ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነ፤ ያንቺን ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? መርፌ አትወጋ፣ በሽተኛ አታስተኛ!» አልሽኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ መልሴን ግማሹን ነው የሰማሽው። አረፍ ብለሽ እንድታነቢው ጻፍኩልሽ።

ያለሁት አሊስ ስፕሪንግስ ነው፤ የአውስትራሊያ እምብርት በይው። አፈሩ ቀይ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውኃ የመጣለት ቀን ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየዋል። የማኅበረሰብ ጤና ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥነው፣ አቦርጂናል የሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ራሱ በሚያስተዳድረው የጤና ድርጅት ውስጥ ነው። ይህን ልብ በይልኝ። በጀቱ በአብዛኛው ከመንግሥት ይመጣል፤ ቦርዱን የሚመርጠው ግን የአካባቢው ሕዝብ ነው። እንዳንቺ ያሉ አያቶች ቦርዱ ላይ ተቀምጠው «ይሄ ጥናትሽ ለልጆቻችን ምን ይፈይዳል?» ብለው ያፋጥጡኛል። የሚረባ መልስ ካልሰጠሁ ጥናቱ እዚያው ይቀራል። ፕሮፌሰር እንኳ እንዲህ አስጨንቆኝ አያውቅም።

እንዲህ ያለው ክሊኒክ መጀመሪያ የተከፈተው ሲድኒ ውስጥ ሬድፈርን በሚባል ሰፈር ነው፤ በፈረንጆቹ 1971። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ140 በላይ ድርጅቶች አሉ። ለምን አስፈለገ ብትይ፣ ሰው የሚናቅበት ቦታ መታከም አይፈልግም። ይሄ ሕዝብ ደግሞ መንግሥት ልጆቹን ከእቅፉ እየነጠቀ ለነጭ ቤተሰብና ለማሳደጊያ ሲሰጥበት የኖረ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት በ2008 ነው። ትናንት ማለት እኮ ነው! ጋዋን ሲያይ ቢሸሽ ይፈረድበታል?

ሬድፈርንን ለማቋቋም ካገዙት አንዱ ፍሬድ ሆሎውስ የሚባል የዓይን ሐኪም ነበር። በስሙ የተቋቋመው ድርጅት እኛም አገር ትራኮማ ላይ ይሠራል። ሰውየው ከ1976 ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር በየገጠሩ እየዞረ ከ100,000 በላይ ሰው መረመረ። ያገኘውም ያንኑ ትራኮማ ነው፤ አያቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ የምታስነቅልበትን በሽታ። ያውም በዚህ ሁሉ ሀብት መሀል። መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣልሽ። እኔ የያዝኩት የልብ ጉዳይ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል፤ እኛ ጋ «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚባለው ዓይነት። ወይም ቆዳው ላይ ቁስል ይወጣበታል። ምክንያቱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ከሆነና በጊዜ ካልታከመ፣ ሰውነቱ ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ሲል የገዛ ልቡን ሊጎዳ ይችላል። የልቡ ቫልቭ ይበላሻል። እኛ አገር ስንቱን ወጣት የሚያስቀረው በሽታ ነው። እዚህ በሌላው አውስትራሊያዊ ዘንድ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ አቦርጂናል ልጆች ላይ ግን አለ። አንዴ የያዘው ልጅ እንዳያገረሽበት በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን ይወጋል። ለዓመታት።

ጠዋት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ቀኑ የደረሰውን ልጅ ዝርዝር አወጣለሁ። አጠገቤ የምትሠራ አቦርጂናል የጤና ባለሙያ አለች፤ በዕድሜ አንቺን ትሆናለች፤ በልቤ እትዬ ነው የምላት። ስሞቹን ሳነብላት ቀና እንኳ አትልም። «እሱ ከአያቱ ጋር ለቀብር ሄዷል፤ እዚያ ላለው ክሊኒክ ደውይ። እሷ ትምህርት ቤት ናት፤ ግን ከምሳ በኋላ እንሂድ፤ ጠዋት መኪናችንን ካየች ታመልጣለች።» ቀዝቃዛ መድኃኒት ሲገባ ያማል፤ ስለዚህ ልጅቷን ስለ እግር ኳስ እያስወራች ሲሪንጁን በሁለት መዳፏ ታሞቀዋለች። ወሬው ሳያልቅ ተወግቶ ያልቃል። እኔ ብወጋት ኖሮ በሚቀጥለው ወር የት አባቴ አገኛታለሁ?

እና የእኔ ድርሻ ምንድነው? መጀመሪያውኑ ለምን ታመመች ብሎ መጠየቅ ነው። ቤታቸው ሄድን። በሦስት ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ይኖራል። የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ተደፍኗል። የቧንቧውን አፍ የጉድጓድ ውኃው ጨው ነጭ አድርጎ ጋግሮበታል፤ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። ልጅ በምን ይታጠብ? ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ ደቡብ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ያለ የሕዝቡ የራሱ የጤና ድርጅት፣ ሐኪምና አርክቴክት አንድ ላይ አሠርቶ ለጤና የሚያስፈልጉ ዘጠኝ ነገሮችን በቅደም ተከተል አስቀመጠ። አንደኛው ገላ መታጠብ ነው፤ በተለይ ለሕፃናት። ሰዉ «ቤት ይሰጧቸዋል፣ ያፈርሱታል» ብሎ ያማቸዋል። በኋላ ቤቶቹ በሺህ ሲፈተሹ ግን ነዋሪው ያበላሸው ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው የሚጠግነው ጠፍቶ ነው፤ ሌላው ሲሠራም በቅጡ ስላልተሠራ።

ስለዚህ እማዬ፣ ስንት ዓመት ሕክምና ተምሬ ስለ ቧንቧ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የትኛው ሰፈር ውስጥ ስንት ልጅ እንደታመመ፣ የስንቱ ቤት መታጠቢያ እንደማይሠራ ቁጥሩን ጎን ለጎን አድርጌ ለቦርዱ አቀርባለሁ። ቦርዱ ይዞት ባለሥልጣን ዘንድ ይሄዳል። አያቶቹ ሲቆጡ ደግሞ እኔ ከምቆጣው ይልቅ ይሰማል።

ሥልጠናው ማስተርሱን ሳይጨምር ሦስት ዓመት ነው፤ መጨረሻ ላይ የቃል ፈተና አለ። ጸልይልኝ። ከዚያ በኋላ ሜልበርን ተመለሺ ያልሽኝን ግን አልቀበልም። እዚህ ሐኪም ይመጣል፣ ሰው ሊለምደው ሲል ይሄዳል። እኔም እንደዚያ ብሆን እትዬ ምን ትለኛለች? ትንሽ ልቆይ። እንደማትስማሚ አውቃለሁ፤ አታኩርፊ እንጂ ተቆጪ።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ስመጣ የግፊት ክኒንሽን ቆጥሬ ነው የምረከብሽ፤ አጎቴ አንዳንዴ እንደምትተዪው ነግሮኛል። ሽሮ ከላክሽልኝ ደግሞ በደንብ አሳሽጊው፣ በላዩም ምን እንደሆነ ይጻፍበት። የዚህ አገር ፍተሻ ቀልድ አያውቅም።

ልጅሽ