ቁንጭር የቆላ በሽታ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የቢልሃርዝያን ተሕዋስ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶዱ አለ፣ ይህን ያስተዋሉባት አድዋ አለች፣ ሽልማቱም አለ። ደስ ይላል። መሀል ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጋችኋል። ሳይንቲስቱ ከቢልሃርዝያ ሌላ «ሌሽማኒያሲስን የመሳሰሉ የቆላ በሽታዎችንም» አጥንተዋል ትላለች። የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

እኔ የአንኮበር ሰው ነኝ። አገሬ መቼ ቆላ እንደ ሆነ አልሰማሁም። ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርበን ምድጃ ዙሪያ የምንኮለኮለውን ሰዎች ቆለኛ ካደረጋችሁን አይቀር ሙቀቱንም ላኩልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሽማኒያሲስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ የውስጥ አካልን የሚያጠቃው ካላዛር አለ፣ የቆዳውም አለ። ጋዜጠኛችሁ ያሰበው ካላዛርን ይመስለኛል። እሱ እውነትም የሁመራና የመተማ በሽታ ነው። ሰሊጥ አጨዳ የወረደውን የቀን ሠራተኛ ይይዛል፣ ጣፊያውን ያሳብጣል፣ ካልታከመም ይገድላል። የእኛ ግን የቆዳው ነው፤ ቁንጭር። በብዛት የሚያመጣው ተሕዋስም ሌላ ነው፣ ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ ይባላል። መኖሪያው ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ ደግሞ ገደልና የድንጋይ ስንጥቅ ይወዳል። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ የምትነክሰውም ሲመሽ ነው። አንኮበርን በዓይኑ ያየ ሰው ገደልና ሽኮኮ የለም ብሎ አይከራከረኝም።

ይበልጥ ያናደደኝ ይህን ስህተት በአክሊሉ ታሪክ ውስጥ መሥራታችሁ ነው። ሰውዬው እኮ የሌሽማኒያ ተመራማሪም ነበሩ! እ.ኤ.አ. በ1964፣ አድዋ ላይ የእንዶድን ነገር ባስተዋሉበት በዚያው ዓመት፣ የሌሽማኒያን ተሕዋስ ከሕዋስ ውጭ ስለ ማሳደግ ሺለር ከሚባል ተመራማሪ ጋር ያሳተሙት ጥናት አለ። በ1969 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ ስላለው የቆዳ ሌሽማኒያሲስ አሳተሙ። የጥናቱ ርዕስ ራሱ «በደጋማ አካባቢዎች» ይላል። ውስጡን አንብቡ አላልኩም። ርዕሱ ይበቃ ነበር። (በነገራችን ላይ የ1989ኙን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ነው። የእሳቸውን ስም የት ጣላችሁት?)

ይቺን ለቅማ የምትቆጣው ምን ሆና ነው ትሉ ይሆናል። ጉንጬ ላይ ጠባሳ አለ። ቁስሉ የወጣብኝ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጎረቤት «የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው» አለ። እማዬ ጠበል ወሰደችኝ። ቅጠል ተለጠፈብኝ። አንዱ አዋቂ ነኝ ባይማ ብረት አግሎ መጥቶ ነበር፤ አባቴ ነው ያባረረው። ጤና ጣቢያ ስንሄድ «ጭርት ነው» ተብለን ቅባት ተሰጠን። ቅባቱ አለቀ፣ ቁስሉ ሰፋ። ሌላ ቦታ ወሰዱኝ። እዚያ ያገኘነው ባለሙያ ቁንጭር መሆኑን የጠረጠረ ይመስላል፤ ግን «ሁመራ ሄዳ ታውቃለች?» ብሎ አባቴን ጠየቀው። አዎ፣ ከሦስተኛ ክፍል ፈቃድ ጠይቄ ሰሊጥ አጨዳ ወርጄ ነበር! አልሄደችም ሲባል ጥርጣሬውን ትቶ ሌላ ቅባት ጻፈልን። እሱም የቆላ በሽታ ነው ተብሎ የተማረ ሰው ነበር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩት። ያኔ የጉንጬ ነገር አልቆ ነበር።

አሁን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከልም ይኸው ምልክት ያለባቸው አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊት ይስባሉ። ሥጋ ደዌ ነው ተብላ አጠገቧ የሚቀመጥ ያጣች ልጅ አውቃለሁ፤ ቁንጭር ግን አጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም። ብዙውን ጊዜ ቆይቶ በራሱ ይድናል፣ ጠባሳውን ግን ትቶ ይሄዳል። ስለማይገድል ዜና አይሆንም። ፎቶውም እንደ እንዶድ ፍሬ አያምርም፣ ይገባኛል።

ግን የእናንተን ጋዜጣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ ነርስም ያነበዋል። ነገ አንዲት እናት ፊቱ የቆሰለ ልጅ ይዛ ከአንኮበር ገደል ሥር ስትመጣ «ቆላ ወርዶ ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቃት እሱ ነው። ስለዚህ ማረሚያ አውጡ። የአክሊሉን ፎቶ ባወጣችሁበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ይሁን፤ ከስፖርቱ ሥር በደቃቃ ፊደል አትቅበሩት።

የባዮሎጂ መምህርት
ጎረቤላ፣ ሰሜን ሸዋ