ሩጫው አልቀረም፣ መዋጮውም እንዳይቀር

ወዳጆቻችን፣

እንደገና እኛ ነን። የኮሚቴውን ስም ስታዩ «ደግሞ ምን ጎደላቸው?» እንደምትሉ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ጎድሎናል። ለዚህም ነው የምንጽፈው።

እንደምታስታውሱት ጓደኛችን የመጀመሪያ ማራቶኑን ሊሮጥ እየተዘጋጀ ሳለ ነው ልምምድ ላይ ልቡ በድንገት ቆሞ፣ ወድቆ የቀረው። የእሱን ማራቶን በእሱ ፋንታ እሮጣለሁ ብላ የተነሳችው እህታችን ደግሞ ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ቅልጥሟ ላይ ስንጥቅ ተገኘባት። አጥንት ብዙ ጫና ሲደጋገምበት የሚመጣ ነው። ሐኪሙ ሩጫ ከለከላት፣ ውድድሩም አለፈ። ከዚያ ወዲህ በእሱ መታሰቢያ ለልብ መሣሪያ (ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት ለሚሰጥ) እና ለሥልጠና የምናሰባስበው መዋጮ ቀጥ አለ። «ስትጨርስ እሰጣለሁ» ብላችሁ ቃል የገባችሁ ብዙ ነበራችሁ። መቼ ጀመረችና ትጨርስ! ስለዚህ አልሰጣችሁም። አንፈርድባችሁም። ግን ሁለተኛውን የልብ መሣሪያ ቀብድ ከፍለን አስይዘነዋል። ቀሪው በጊዜው ካልተከፈለ ለሌላ ገዢ ይሄዳል።

ደስ የሚለው ዜና እህታችን ድናለች። መጀመሪያ በእግር መንገድ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ አሁን ረጅሙን ልምምድ ከ30 ኪሎ ሜትር አሳልፋለች። ለሚቀጥለው ውድድር ተመዝግባለች። ቀኑም ቅርብ ነው።

«ለትንሽ ሕመም ብላ ለምን አቋረጠች?» ያሉን አሉ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ጥቂት ሳምንታት ሲሆነው ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸንፏል፣ እሱንም ጠቀሱልን። ጥሩ። እህታችን ግን አበበ ቢቂላ አይደለችም። ከዚህ በፊት አውቶቡስ ለመያዝ ካልሆነ ሮጣ አታውቅም። የተሰነጠቀ አጥንት ላይ 42.195 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ ስንጥቁ ስብራት ሊሆን ይችል ነበር። አንዱን ጓደኛ ለማሰብ ሌላዋን አልጋ ላይ አናስተኛም።

ስለ መጨረስ ካነሳን አይቀር፣ ቴሪ ፎክስን እናስታውስ። ካናዳዊ ወጣት ነበር። በካንሰር ምክንያት አንድ እግሩ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር አገሩን አቋርጦ ሊሮጥ ተነሳ። በየቀኑ የማራቶን ያህል እየሮጠ 143 ቀን ሄደ፣ 5,373 ኪሎ ሜትር። ካንሰሩ ወደ ሳንባው ስለዞረ ለማቆም ተገደደ፣ በቀጣዩ ዓመትም በ22 ዓመቱ ዐረፈ። ያሰበው ቦታ አልደረሰም። ሰው ግን ያን ጊዜም ሰጠ፣ ዛሬም በስሙ እየሮጠ ይሰጣል። የእኛዋ ከወራት በኋላ ተመልሳ ልትሮጥ ነው፣ የእኛ መዋጮ ግን ከቅልጥሟ ጋር አብሮ ተሰነጠቀ።

አሁን ደግሞ ወደ ወጪው እንምጣ፣ ሐሜቱ እዚያ ላይ ስለሆነ።

«ለሥልጠና ይህን ያህል ለምን ወጣ? መሣሪያ ብቻ አይገዛም ነበር?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ደርሶናል። ሥልጠናው ላይ ያልነበራችሁ እንድታውቁት ነው፣ ልብ በድንገት ሲቆም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ጸጥ አይልም። የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ይታወክና ይርገበገባል፣ ደም ግን አይገፋም። ሰውየው ይወድቃል፣ ሲጠሩት አይሰማም። አንዳንዴ ያጣጥራል፣ ብዙ ሰውም የሚተነፍስ ይመስለዋል። ደም እንዲዘዋወር ደረቱ ሳይጫንና መሣሪያው ሳይደርስ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ ቢፈጥን ቢፈጥን ደቂቃዎች ይወስዳል። እነዚያ ደቂቃዎች አጠገቡ ባለው ሰው እጅ ናቸው።

ጓደኛችን የወደቀ ቀን ውሃ የረጨበት ነበር፣ ያራገበለት ነበር፣ መኪና ፍለጋ የሮጠ ነበር። ደረቱን የተጫነ አልነበረም። ማንንም አንወቅስም፣ ማንም አልተማረም ነበር። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ሰውን አስተማርን። አሰልጣኞቹ፣ የሜዳው ጥበቃዎችና ከሯጮቹ ብዙዎቹ ዛሬ ደረት መጫን ያውቃሉ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። ይህ በወሬ አይለመድም። ለመለማመጃ የገዛናቸው አሻንጉሊቶች «ቅንጦት» ተብለዋል። እስኪ ሁለት ደቂቃ ተጭናችሁ ሞክሩት። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ለዚህም ነው በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ የሚባለው።

የመጀመሪያው መሣሪያ ተገዝቶ እሱ የወደቀበት ሜዳ ላይ ተሰቅሏል። ሄዳችሁ እዩት። ሣጥኑ ቁልፍ የለውም፣ ሲከፈት ግን ይጮኻል። «ይሰረቃል» ላላችሁን መልሳችን ይኸው ነው። ቁልፍ ፍለጋ የሚጠፋው ደቂቃ ከመሣሪያው ይበልጣል። «ያላወቀ ሰው ነክቶት ሰው ቢገድልስ?» ለሚለውም፣ መሣሪያው በድምፅ እየመራ ያሠራል፣ የልቡንም ምት ራሱ ያነባል። ንዝረት የማያስፈልገው ከሆነ አይለቅም።

ባለፈው ሪፖርት ላይ «መለዋወጫ» የሚለው ወጪም አነጋግሯል። ደረት ላይ የሚለጠፉት ፓዶች ሙጫቸው ስለሚደርቅ የአገልግሎት ጊዜ አላቸው። ባትሪውም እንዲሁ። ባትሪው የሞተ መሣሪያ ግድግዳ ላይ መስቀል ሰውን ማታለል ነው። የሯጯ ጫማ፣ የመመዝገቢያ ክፍያና ጉዞ ከራሷ ኪስ ነው። «ቲሸርቱስ ከመዋጮው አይደለም ወይ?» ላላችሁም፣ ቲሸርቱን የኮሚቴው አባላት ራሳችን አዋጥተን አሳትመነዋል። የቲሸርቱ ነገር በዚህ ይዘጋልን።

ሌላም የሚያመን ወሬ አለ፤ «ሩጫ የገደለውን ሰው በሩጫ ታስባላችሁ?» የሚል። አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. 10.9 ሚሊዮን የሚሆኑ የማራቶንና የግማሽ ማራቶን ሯጮችን ያካተተ ጥናት ተደርጓል። ልባቸው የቆመው 59 ነበሩ። በጣም ጥቂት ነው፣ ከ59ኙ ግን አብዛኞቹ ሞተዋል። ከተረፉት ጋር በጥብቅ ተያይዞ የተገኘው አንዱ ነገር አጠገባቸው የነበረ ሰው ወዲያው ደረታቸውን መጫኑ ነው። ኳስ ወዳዶች ደግሞ ክርስቲያን ኤሪክሰንን ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፐንሃገን ላይ በዓለም ፊት ወደቀ። ወዲያው ደረቱ ተጫነ፣ ንዝረት ተሰጠው፣ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ተጫወተ። ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ እዚያው ሜዳ ዳር ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ልጆች ወደሚለማመዱበት ሜዳ ነው የሚሄደው። ያንንም አብረን ወስነናል።

ሟችን ማሰብ ነፍስ ከማዳን ጋር ሲገጥም ምጽዋትም በሉት ሰደቃ፣ በየትኛውም እምነት ከባድ ዋጋ አለው። የሃምሳውን ሎሚ ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም። ትንሽ ብትሆንም ላኩ። «ትንሽ ስለሆነ አፍሬ» ብለው የቀሩ መኖራቸውን ሰምተናል፣ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቃል የገባችሁም እባካችሁ ፍጻሜውን አትጠብቁ። ሯጭ 30ኛውን ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ጉልበቱ ሲከዳው ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም፣ የመሣሪያው ክፍያ ግን ከውድድሩ በፊት ነው የሚፈለገው።

አከፋፈሉ እንደ በፊቱ ነው። በኮሚቴው ስም የተከፈተው፣ ሦስት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ። ቁጥሩ በእጃችሁ ባለው የመዋጮ ካርድ ጀርባ ላይ አለ። አልተለወጠም፣ አሮጌው ካርድም ይሠራል። ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ «መታሰቢያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ ከአባልነት ክፍያ ጋር ይቀላቀልብናል። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ስጡ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝም ሳትቀበሉ አትሂዱ።

እንደገና እንላለን፣ በማንም ግለሰብ ሒሳብ ወይም ስልክ አትላኩ። ሯጯም ቢሆን በስሟ ገንዘብ አትቀበልም። «ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ከእኛ አይደለም፣ ከመላካችሁ በፊት ከኮሚቴው አባላት አንዱን ጠይቁ። ካርዱ የጠፋባችሁ በልምምድ ሰዓት ሜዳው በር ላይ አዲስ እንሰጣለን። ባለፈው ዙር ከፍላችሁ ደረሰኝ ያልደረሳችሁም እዚያው ኑ፣ መዝገቡን ይዘን እንጠብቃችኋለን።

የመታሰቢያው ኮሚቴ