የደመወዝ መዋጮ ያለ ፊርማ አይቆረጥ

ለአዘጋጁ፦

በመሥሪያ ቤት ለአካባቢ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰበሰብ መዋጮ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በአሠራር ጉድለት ነው። ሠራተኛው ራሱ በሚፈርመው ቅጽ ላይ የሚቆረጠው መጠን፣ ተቀባዩ ድርጅት፣ መነሻና ማብቂያ ወሩ ይጻፍ። ማብቂያው ካልተጻፈ ተቀናሹ ሳይታወቅ ዓመታት ይዘልቃል፤ ሰውየው ያወቀ ቀን ተቆጥቶ ከመዋጮው ይወጣል፣ ሌሎችም ይከተሉታል። ቅጹን የቅርብ አለቃ አይሰብስብ፤ የሰጪዎች ስም ዝርዝርም ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። እባካችሁ፣ ይሉኝታ ልግስናን ግዴታ ያደርገዋል።

ገንዘቡ ወደ ድርጅቱ ኃላፊ የግል ሒሳብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም ወደተከፈተው ይግባ። በየወሩ የፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ሰነዱ) ተቀናሽ ድምር፣ የባንክ ማስተላለፊያውና የድርጅቱ ደረሰኝ ይመሳከሩ። ለምሳሌ ለሕፃናት ማቆያ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ጠቀም ያለ ስጦታ በየወሩ የሚደርስ ትንሽ ገንዘብ ይሻላል፤ ኪራዩም የሞግዚቷም ደመወዝ የሚከፈለው በየወሩ ነው።