ዋናው ስሪት ሲወጣ ዝመናው የማይደርሳቸው ተጠቃሚዎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ለሊኑክስ ስርዓቶቹ ለዴቢያንና ለኡቡንቱ ፓኬጅ (የሚጫን የፕሮግራም ጥቅል) የምታዘጋጁ ሁሉ፣ እባካችሁ ለስሪት ቁጥር ተጠንቀቁ። የሙከራውን ስሪት «2.0አርሲ1» ብላችሁ ከለቀቃችሁት፣ ፓኬጆችን የሚጭነውና የሚያዘምነው አፕት ከ«2.0» የሚበልጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዋናው 2.0 ሲወጣ ሙከራውን የጫኑ ሰዎች ዝመናው አይደርሳቸውም፤ የስህተት መልእክትም አያዩም፣ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ቲልዳ (~) የምትባል አንዲት ምልክት ናት፦ «2.0~አርሲ1»። ቲልዷ ስሪቱን ከ2.0 በታች ታደርገዋለች። ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ዲፒኬጂ በተባለው የፓኬጅ መሣሪያ አወዳድሩ።

የመፈረሚያ ቁልፍም፣ ማለትም ፓኬጆቹ የሚወርዱበት ማከማቻ የእናንተ መሆኑን አፕት የሚያረጋግጥበት ቁልፍ፣ የሚያበቃበት ቀን አለው። አዲሱን ቁልፍ የአሮጌው ቀን ሳያልፍ በፓኬጅ ላኩት። ቀኑ ካለፈ በኋላ አፕት ማከማቻውን ስለማያምነው፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ቁልፉን ራሱ ማስገባት ግድ ይሆንበታል።

ለተጠቃሚዎችም፦ «አፕት አፕዴት» የተባለው ትእዛዝ የፓኬጆቹን ዝርዝር ብቻ ያድሳል፤ ዝመናውን የሚጭነው «አፕት አፕግሬድ» ነው።

ከፓኬጅ አዘጋጆች