ልጅ የሚራመድበት ቁርጥ ያለ ቀን የለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ሕፃናት እድገት ያወጣችሁት ጽሑፍ ልጅ በ12 ወሩ መራመድ እንዳለበት ይገልጻል። በዚህ አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ጤናማ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ከ8 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልጄ ገና ወንበር ይዛ ስትቆም እኩያዋ ይሮጥ ነበር። እሷ ግን ጣቷን ቀስራ «ያ! ያ!» እያለች ያየችውን ሁሉ ታሳየናለች። ይህም እድገት ነው። ቁርጥ ያለ ቀን የተነገረው ወላጅ በከንቱ ይጨነቃል።

«በጊዜው ይደርሳል» ብሎ መተውም ደግ አይደለም። ይናገር የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በሚቀጥለው እትም የእድሜውን ክልል ከነመነሻና መድረሻው አውጡልን፤ ከጎኑም ሐኪም ማማከር የሚያስፈልግባቸውን ምልክቶች ዘርዝሩ።

አንዲት እናት