ዓባይን ሽቅብ ተከትለን ሉክሶር እንሂድ

ውዷ እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? የዱባይ ሙቀት በረድ አለልሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?

ካወራን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እናትሽ እማማ ያረፉ ሰሞን አንድ ጊዜ ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። ከወር በኋላ ደግሞ «እግዜር ያጽናሽ» ለማለት አፈርኩ። ከማንም ቀድሜ ለቅሶ መድረስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልደረስኩሽም። ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ነበርኩ። ዓባይ ዳር ስቆም ሁለታችሁም ፊቴ ድቅን አላችሁ። ቅጠል ወደ ውሃው እየጣልን «የማን ቀድማ ግብፅ ትደርሳለች?» ስንባባል፣ እማማ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ ያስረዱን ነበር። ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ይገናኛል፣ በረሃውን ያቋርጣል፣ ከዚያ የቤተ መቅደሶቹ ከተማ ሉክሶር ይደርሳል። እዚህ በሐምሌና በነሐሴ የሚጥለው ዝናብ እዚያ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቅ፣ ይህም የአስዋን ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. እስኪያልቅ ድረስ እንደቀጠለ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። «ያቺን ከተማ ሳላይ አልሞትም» ይሉም ነበር። ሳያዩዋት ሄዱ።

እኛ እንይላቸው። በጥር ሉክሶር እንሂድ።

ካሰብኩት ቆይቻለሁ፤ ሳነብ ነው የከረምኩት። ከጥምቀት በኋላ እንነሳ። አንቺ ከዱባይ፣ እኔ ከአዲስ አበባ፣ ካይሮ እንገናኝ። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ጥር ግን ደስ የሚል አየር ነው። ከካይሮ በሌሊት ባቡር ወደ ደቡብ እንሄዳለን። ወደ ደቡብ መሄድ ደግሞ ወንዙን ሽቅብ መውጣት ነው፣ ወደ ቤት እንደመቅረብ።

ከተማዋን ወንዙ ለሁለት ይከፍላታል። ፀሐይ በምትወጣበት በምሥራቁ ዳር ቤተ መቅደሶቹ አሉ። ፀሐይ በምትጠልቅበት በምዕራቡ ደግሞ መቃብሮቹ። የደረስን ዕለት ማታ መብራቱ ሲበራ የሉክሶርን ቤተ መቅደስ እንይ። በሩ ላይ ሁለት ሐውልቶች ነበሩ፤ አሁን አንዱ ብቻውን ቆሟል፣ ጓደኛው ፓሪስ ነው። የእኛ የአክሱም ሐውልት ከሮም በ2005 እ.ኤ.አ. ሲመለስ እማማ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ያለቀሱትን አስታወሰኝ።

ከዚያ ተነስቶ እስከ ታላቁ የካርናክ ቤተ መቅደስ 2.7 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ፤ በግራና በቀኝ የአንበሳ ገላ ያላቸው ምስሎች ተደርድረውበታል። በጥንት ጊዜ ወንዙ ሲሞላ ካህናቱ የአምላካቸውን የአሞንን ምስል በመጋረጃ ሸፍነው፣ በታቦት መሰል ጀልባ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከካርናክ ወደ ሉክሶር ያወጡት ነበር። ሕዝቡ እያጀበ። ይህን ሳነብ ጃን ሜዳ የሚወርደው ሕዝብ ታየኝ። እምነቱ ሌላ ነው፤ ግን ያንን እልልታ የሰማሁት መሰለኝ።

ለካርናክ ግማሽ ቀን እንስጠው። በአንዱ አዳራሽ ብቻ 134 ዓምዶች አሉ። መጀመሪያው ግቢ ውስጥ ለብቻው የቆመ ረጅም ዓምድ አለ፣ እሱን እንፈልግ። ያሠራው ከኩሽ፣ ከዛሬዋ ሱዳን፣ የመጣው ንጉሥ ቲርሐቅ ነው፤ መጽሐፈ ነገሥት «የኢትዮጵያ ንጉሥ» የሚለው። ነቢዩ ናሆም ኖእ አሞን እያለ የሚጠራትም ይህችኑ ከተማ ነው፤ ኢትዮጵያና ግብፅ ኃይሏ ነበሩ ይላል።

በነጋታው ማለዳ የአገሬው ሰው በሚሳፈርበት ጀልባ ወደ ምዕራብ እንሻገር። የንግሥት ሀትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ ፑንት ወደምትባል አገር የላከቻቸው መርከቦች ተቀርጸዋል። የዕጣን ዛፎች ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው ሲመለሱ ይታያል። ፑንት የት እንደነበረች ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ወደ እኛው የአፍሪካ ቀንድ ያመለክታሉ። እማማ ቡና ሲያፈሉ የዕጣኑ ጭስ እንዴት ቤቱን ይሞላው ነበር!

በነገሥታት ሸለቆ በአንድ ትኬት ሦስት መቃብር ነው የሚታየው። የወጣቱ ንጉሥ የቱታንካሙን ለብቻው ይከፈልበታል። ጠባብ ነው፣ ወርቁም ካይሮ አጠገብ ጊዛ ነው። እኔ ገንዘባችንን ለራምሴስ ስድስተኛው መቃብር ባወጣው እመርጣለሁ። ጣሪያው ላይ የሰማይዋ አምላክ ኑት ፀሐይን ማታ ስትውጣት፣ ጠዋት መልሳ ስትወልዳት ተሥላለች።

ከሁሉም የጓጓሁት ግን ለዴይር ኤል መዲና ነው። የነገሥታቱን መቃብር የቆፈሩና የሣሉ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የኖሩበት መንደር ነው፤ የቤቶቹ መሠረት አሁንም ይታያል። በራምሴስ ሦስተኛው ዘመን የእህል ደሞዛቸው ሲዘገይባቸው ሥራ ጥለው ቤተ መቅደስ አጠገብ ተቀመጡ። ርቦናል፣ ጠምቶናል አሉ። በጽሑፍ ከሚታወቁት የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። እዚያው ሴነጀም የተባለው ሠራተኛ ለራሱ ያሠራው ትንሽ መቃብር አለ። ግድግዳው ላይ በወዲያኛው ዓለም በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ ሚስቱም ከኋላው ዘር ስትዘራ ተሥለዋል። ፎቶውን ሳይ እንባዬ መጣ። የጎጃም ገበሬ ነው የሚመስለው። ከሞት በኋላም የተመኙት ማሳቸውን፣ በሬያቸውንና አብሮ መሆንን ነው። እሱ ፊት አብረን ብንቆም ስለ እማማ ማውራት የሚቀለን ይመስለኛል።

አምስት ቀን ይበቃናል። ቪዛውን ቀደም ብለን እንጠይቅ። ፓስፖርትሽ እስከ መቼ እንደሚያገለግል እዪልኝ። የእማማን ትንሿን ፎቶ፣ ያቺን ዓባይ ዳር የተነሱትን፣ ይዘሽልኝ ነዪ።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስትወጪ እደውላለሁ። ካላነሳሽ ነገም እደውላለሁ።

ያንቺው፣
የዓባይ ዳሯ